የሰዓዳ እንድሪስ ሁለት አረማመድ

በሩ «እንደምን አደርሽ፣ ሰዓዳ» ሲል፣ እንደምን ያደረችው ማን ናት?

ትርንጎ በየሁለት ቀኑ ገደሉን ወጥታ የከተማዋን ደፍ በረገጠች ቁጥር ይህ ጥያቄ ብልጭ ይልባታል። በሩም ብዙ ንግግር የሚጠብቅ ስላልሆነ «አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና» ትለውና በልቧ አማትባ ታልፋለች።

ቀይ አፋፍ ከገደሉ ራስ ላይ የተሠራች ከተማ ናት። ከገደሉ ግርጌ ያለችው መንደር ስሟ እንባጮ ሜዳ ነው፤ ላይ ያሉት ሰዎች ግን ኔትወርክ ስለማይደርሳት «ጥላ» ይሏታል። ኔትወርክ የማይደርሳት አንቴና ስላልተተከለ ነው። አንቴና ያልተተከለው ተጠቃሚ ሰው በመዝገብ ላይ ስለሌለ ነው። ሰው በመዝገብ ላይ የሌለው ደግሞ አንቴና ስለሌለ ነው። በአያቶች ዘመን አንድ ሹም ይህንኑ ለስብሰባ በደንብ አስረድቶ ተጨብጭቦለት ነበር ይባላል። ከዚያ ወዲህ የተጨመረ ነገር የለም።

ላይ ሰው የሚኖረው በዱካው ነው። የክንዱ አምባር ሲራመድ፣ ሲናገር፣ ሲሠራ፣ ሲማር ይከተለዋል። ዱካው ሙሉ የሆነለት ሰው ክሊኒኩም ትምህርት ቤቱም ይከፈትለታል፤ የጎደለበት ይዘጋበታል። የተዘጋ ስም ተመልሶ ሲከፈት ያየ የለም።

ሰዓዳ ስሟ መዝገብ የገባው አባቷ እንድሪስ ቀይ አፋፍ ውስጥ ግንበኛ ሆነው ሲሠሩ ነበር። ኋላ እናቷ ሞተች፣ የእንድሪስም ዓይን ጠፋ፤ አባትና ልጅ አንዲት አምባር ይዘው ወደ እንባጮ ሜዳ ወረዱ። በየቀኑ ገደል እየወጡ ዱካ መሙላትና ዓይነ ስውር አባት ማብላት ለአንድ ልጅ የሚሆን ነገር አልነበረም። ጎረቤቷ ትርንጎ ደግሞ ጥላ ውስጥ የተወለደች፣ ከእግሯና ከእጇ በቀር ምንም የሌላት ልጅ ነበረች። መላውን ያመጡት የትርንጎ እናት ወይዘሮ ጥሩዬ ናቸው።

«ምን ያስቸግራል? መቀናጆ ነዋ!» አሉ።

ላይ መቀናጆ የሚያውቅ ሰው አልቀረም፤ ማሳው ራሱን በራሱ ያርሳል። ጥላ ውስጥ ግን መሬት አሁንም የሚታረሰው በበሬ ነው። አንድ በሬ ብቻ ያለው ሰው ከሌላ ባለ አንድ በሬ ጋር ይቀናጅና ዛሬ ያንዱን ማሳ፣ ነገ የሌላውን እያሉ ጥማዱን በተራ ያውላሉ። እንግዲህ ሰዓዳ ስም ታመጣለች፣ ትርንጎ እግር ታመጣለች፤ አንድ ቀን አንዷ ትወጣለች፣ አንድ ቀን ሌላዋ። ነገሩ ሲጀመር የሁለቱም ቁመት ገና ከአህያ ጀርባ አልበለጠም ነበር።

በሩ ፊት አያይም። ፊት ማየቱ ድሮ በሻሽና በነጠላ የተነሣ ጭቅጭቅ አስነሥቶ ቀርቷል። የሚያውቀው አረማመድ፣ ድምፅና የልብ ትርታ ነው። ሁለቱ ልጆች ከትንሽነታቸው ጀምሮ እየተፈራረቁ ስለመጡበት አንድ አድርጎ ለመዳቸው። ሰዓዳ እንድሪስ አንድ ቀን እየተጎተተች አንድ ቀን እየበረረች የምትሄድ ሰው ናት ብሎ ያዘ። የከተማው ሰው እውነቱን ያውቃል፤ ግን የሰው ነገር ለበር የሚያወራ ሰው እስካሁን አልተፈጠረም።

ሰዓዳ በተራዋ ማያ ቤት ትውላለች። እዚያ ወጣቶች ተደርድረው ከሩቅ አገር መንገድ የሚመጣ ሥዕል እያዩ «ይህ ሰው ነው፤ ይህ ውሻ ነው፤ ይህ ነፋስ ያመጣው ፌስታል ነው» እያሉ ለመኪኖች ይናገራሉ። ትርንጎ በተራዋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። በዚህ አኳኋን አንዲት ሰዓዳ እንድሪስ ሠራተኛም ተማሪም ሆና አደገች።

ማታ ማታ በገደሉ ወገብ ላይ ካለችው ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ተገናኝተው አምባሯን ይቀባበላሉ። አምባሯ ብቻ ሳትሆን ቀኑም ይተላለፋል።

«ዛሬ ጥርሴን አመመኝ ብያለሁ» ትላለች ሰዓዳ።

«የቱን?»

«የቀኙን።»

«ምነው የግራውን ብትዪ! እኔ እንደሆንሁ በቀኝ ነው የማኝከው።»

«እንግዲህ ነገ በግራ አኝኪ፤ ምን ይሁንልሽ። ደግሞ በሩ ቀልድ ነግሮኝ ስቄለታለሁ፤ ከደገመው ሳቂ።»

«ቀልዱ ያስቃል?»

«አያስቅም። ግን ሲቀልዱለት ያልሳቀ ሰው ሐኪም ይላክበታል።»

በሩን ያስቸገረው የጾሙ ነገር ነበር። ሰዓዳ እንድሪስ ረመዳንን ትጾማለች፤ ሁዳዴንም ትጾማለች፤ ረቡዕና ዓርብ የትርንጎ ቀን ሲሆን እስከ ቀትር ውሃም አትቀምስም። «ሰዓዳ፣ ሰውነትሽን እየጎዳሽ ነው» እያለ ይመክራት ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ይህን ሲሰሙ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። «ልጆቼ፣ እናንተስ ታድላችኋል! ጀነትም ገነትም አንድ በር እንደሆን ተደጋግፋችሁ ትገባላችሁ።»

መስከረም እንደጠባ በአንዱ ቀን፣ በትርንጎ ተራ፣ በሩ ከሰላምታው ቀጥሎ ሌላ ነገር ተናገረ።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ ሰዓዳ። ለሕክምና ትምህርት ተመርጠሻል። ባሕር ማዶ፣ ሦስት ዓመት።»

ከጥላ ጠርዝ ሆኖ ሥራንም ትምህርትንም ሳያጓድል የያዘ ስም ብርቅ ነው አላት። ከመሄዷ በፊት ግን ሰባት ቀን ሳታቋርጥ እየተገኘች ራሷ መሆኗን ማረጋገጥ አለባት።

ትርንጎ የዚያን ዕለት ትምህርት ቤት ገብታ የሰማችው ነገር የለም። ስሙ አንድ ነው፤ አምባሯም አንድ ናት። የሄደችው ይዛት ትሄዳለች፤ የቀረችው ደግሞ ለዘለዓለሙ ጥላ ውስጥ ትቀራለች። እና ትርንጎ ስታስበው፣ የምትሄደው እሷ ነበረች። ሌላ ነገር ባሳቧም አልመጣም። ትምህርቱን የተማረችው እሷ ናት። ሰዓዳ አንድ ቀን እንኳ «ዛሬ ምን ተማርሽ?» ብላ ጠይቃት አታውቅም።

ማታ ድንጋይዋ ላይ ነገረቻት።

«እኔም መሄድ እፈልጋለሁ» አለች ሰዓዳ።

«ምን ልትሠሪ?»

«አንቺ የምትሠሪውን።»

ነገሩ ለሽማግሌ ደረሰ። እንድሪስ ርቀው መሄድ ስለማይችሉ ሽማግሌዎቹ ደጃቸው ላይ ተሰበሰቡ። ዳኞቹ ሁለት ነበሩ፤ አያ ቢተው፣ የመንደሩን የበሬ ጠብ ሁሉ የፈቱ ገበሬ፣ እና ሸህ ሙሄ፣ ሲፈርዱም ሲመርቁም የሚቀልዱ ሰው።

«በሬው የማን ነው?» ብለው ጀመሩ አያ ቢተው።

«ስሙን ነው የሚሉኝ? የኔ ነው» አለች ሰዓዳ።

«ማን አረሰበት?»

«ሁለታችንም።»

«ትምህርቱን ነው የምልሽ።»

«እሱን ትርንጎ ናት።»

«እንዲህ ከሆነ ቀላል ነው። መቀናጆ ሲፈርስ ባለበሬ በሬውን ይነዳል፤ ያረሰም እህሉን ያፍሳል።»

«ኧረ አያ ቢተው!» አሉ ሸህ ሙሄ። «እህሉ ያለው እኮ በሬው ሆድ ውስጥ ነው። እንዴት አድርገው ሊያካፍሏቸው ነው?»

«ይታረዳ!» አለ ከኋላ የተቀመጠ ሰው። ደጁ ሁሉ ሳቀ። ሁለቱ ብቻ አልሳቁም።

ሸህ ሙሄ ሳቁን በእጃቸው አስቆሙና ልጆቹ በየተራ እንዲናገሩ አዘዙ።

«እኔ ስሜን አካፈልሁ እንጂ አልሸጥሁም» አለች ሰዓዳ። «ማያ ቤት ቁጭ ብዬ የሰውን አገር መንገድ ሁሉ አይቻለሁ። ድልድዩን፣ በረዶውን፣ ውሻ ይዘው የሚንሸራሸሩትን ሽማግሌዎች። አንዱንም በእግሬ ረግጨው አላውቅም። በስሜ ከተጠራሁ ልሂድ ማለቴ ነውር ነው?»

ትርንጎ ተነሣች። «ባለፈው ክረምት ዘቢባ ምጥ ይዟት ገደሉ ላይ ስትሞት ሁላችሁም ነበራችሁ። እኔም ነበርሁ። ምን መደረግ እንዳለበት ግማሹን አውቀው ነበር። ሌላውን ግማሽ ገና አልደረስንበትም። ቆሜ አየኋት። እኔ የምፈልገው ያን የቀረውን ግማሽ ነው።»

አያ ቢተው አገጫቸውን ሲያሹ ቆዩና፣ በመቀናጆ መጀመሪያ የሚያርስ ሰው በዕጣ እንደሚለይ ሁሉ ይህም በዕጣ ይለይ አሉ። ዕጣ የወጣላት ትሞክር፤ ሰባቱን ቀን ከጨረሰች የሷ ይሁን። ዕጣው ለትርንጎ ወጣ። ወይዘሮ ጥሩዬ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፍተው የሰዓዳን ፊት ሲያዩ ተዉት።

በመጀመሪያው ቀን በሩ እንደ ወትሮው ሰላም አላት። በማግሥቱ፣ የሰዓዳ ቀን መሆን በነበረበት ቀን፣ «ዛሬም እንደ ትናንቱ ነሽ» አላት። ምስጋና መስሏት ፈገግ አለች። በሦስተኛው ቀን ግን ደፉን ከመርገጧ ቆይ አላት።

«ሰዓዳ፣ ራስሽን አትመስዪም። ታመሻል?»

«አልታመምሁም።»

«ሦስት ቀን ሙሉ ፈጥነሽ ሄድሽ። አንዴም አላዘገምሽም። አንዴም አላንጎራጎርሽም። ማረጋገጡ ተቋርጧል። ሲሻልሽ እንደገና መጀመር ትችያለሽ።»

ድምፁ ቁጣ የለውም። ታማሚ የሚያባብል ድምፅ ነበር።

ሰዓዳ አምባሯን ተቀብላ በተራዋ ወጣች። እሷም በሦስተኛው ቀን ተመለሰች። ድንጋይዋ ጋ ስትደርስ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈች።

«በገዛ ስሜ!» አለች። «ወላሂ በገዛ ስሜ! ራስሽን አትመስዪም፣ አንዴም አልቸኮልሽም፣ አለኝ። እኔ መቼ ቸኩዬ አውቃለሁ?»

ነገሩ የገባቸው ሸህ ሙሄ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዳግም ሲቀመጡ በዱላቸው መሬቱ ላይ ሁለት መስመር አሰመሩ። «በሩ ሰዓዳን አያውቅም፤ ትርንጎንም አያውቅም። የሚያውቀው ጥማዱን ነው። ጥማዱን ፈትተን አንድ በሬ ብቻ ብንልክለት፣ ሌላው የታለ ይላል። እንግዲህ የምትሄደው አንዷ ለብቻዋ ጥማድ መሆን አለባት። አንድ ቀን ራሷን፣ አንድ ቀን ጓደኛዋን።»

«ያንን የምትችለው ማናቸው ናት?» አሉ አያ ቢተው።

«እሱን እናያለን። ይልቅስ እንሰማለን።»

እንድሪስና ወይዘሮ ጥሩዬ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እንድሪስ ከዱሮውም አያዩም፤ ወይዘሮ ጥሩዬ ጀርባቸውን ለደጁ ሰጡ። ሌላው ሰው ጭጭ ይበል ተባለ። ልጆቹ ከአጥሩ በር ተነሥተው እስከ ምሰሶው ይሄዳሉ፤ ደርሰውም አንድ ሁለት ቃል ይናገራሉ።

መጀመሪያ ትርንጎ ሰዓዳን ልትሆን ተነሣች። የሰዓዳን አካሄድ የምታውቅ መስሏት ነበር። ቀስ ማለት ነው፤ በቃ። ቀስ አለች። ግን እጇን የት እንደምታደርግ ጠፋት። ሰዓዳ ስትሄድ እጇ የት ነው? ታንጎራጉራለች ብሏል በሩ፤ ምን ታንጎራጉራለች? ከምሰሶው ስትደርስ «አባዬ፣ ውሃ ላምጣልህ?» አለች።

«ትርንጎ ናት» አሉ እንድሪስ ሳይጠራጠሩ። «ትርንጎ ቸኩላ፣ ችኮላዋን ደብቃ። ደግሞ ሰዓዳ ውሃ ላምጣ ወይ ብላ አትጠይቅም፤ ታመጣለች።»

ሰው ሳቀ። ትርንጎም አብራ ሳቀች፤ ፊቷ ግን ጋለ።

ቀጥሎ ሰዓዳ ከአጥሩ በር ተነሣች። ከመነሣቷ በፊት ትንሽ ቆመች። ትርንጎን ያልገባት፣ ሌላውን ሰው ሁሉ ግን የገባው ነገር ያ ቆም ማለት ነበር፤ ትርንጎ መንገድ ልትጀምር ስትል ሁልጊዜ የሆነ ነገር የረሳች ይመስል ለአፍታ ትቆማለች። ከዚያ አንገቷን ሰበር፣ ግራ ትከሻዋን ቀደም አድርጋ ገሠገሠች። ምሰሶው ጋ ደርሳ እስትንፋሷን በአፍንጫዋ አወጣችና «ኤጭ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

«ምን ኤጭ ትዪብኛለሽ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩዬ ዘወር ሳይሉ። «ቀኑን ሙሉ ስትሞክሪ ውለሽ የፈተናውን ንዴት እኔ ላይ ልትወጪው ነው? በይ ነጠላዬን አቀብዪኝ፣ ብርዱ ገባኝ።»

ሰዓዳ ከአጠና ላይ ነጠላውን አንሥታ ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ወይዘሮ ጥሩዬ የነጠላውን ጫፍ ሲይዙ እጇን ነኩ፤ የማያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ የሚያጠልቀውን ቀለበቷን ዳሰሱ። ዘወር ብለው አዩና አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ከዚያ በአጥሩ ጥግ የቆመችውን ልጃቸውን ፈለጉ።

ትርንጎ እዚያው እንደቆመች ነበረች። አሁን ማንም ፍርድ መስጠት አላስፈለገውም።

ሰባቱን ቀን ሰዓዳ ለብቻዋ ወጣች፣ ለብቻዋ ወረደች። ትርንጎ ድንጋይዋ ላይ ተቀምጣ ታያት ነበር። በሰዓዳ ቀን ሰዓዳ እጇን ከነጠላዋ ሥር አጣምራ እያንጎራጎረች ትወጣለች። በትርንጎ ቀን ደግሞ አንዲት አንገቷን የሰበረች፣ አንድ ትከሻዋ የቀደመ፣ የተነፈገችውን ነገር ልትነጥቅ የምትሄድ የምትመስል ሴት ሽቅብ ትገሠግሣለች። ትርንጎ ይቺን ሴት አይታት አታውቅም ነበር። አልወደደቻትም። ቆይታ ደግሞ አዘነችላት።

በሰባተኛው ቀን ማታ ሰዓዳ ወርዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አለፍሽ?»

«አለፍሁ። ቀልድም ነገረኝ።»

«እንዴት ቻልሽው?»

ሰዓዳ በጣቷ የድንጋይዋን ሽበት ፋቀች። «ከዚህ ስትወጪ እስክትሰወሪ አይሽ ነበር። በየተራሽ። መጀመሪያ እንዳትወድቂ ብዬ ነው፤ አንዲት አምባር ናት ያለችን። ኋላ ግን ልማድ ሆነ። ምን አውቃለሁ፣ ማየት ሥራዬ አይደል? አንቺ አንድ ቀን ዞር ብለሽ አታውቂም።»

«ፊቴ ወደ ትምህርቱ ነበር።»

«አውቃለሁ። አልተቀየምሁሽም።»

«ትምህርቱንስ? እዚያ እግር ብቻ አይበቃሽም።»

«ትርንጎ ብትሆን ምን ትመልስ ነበር እላለሁ።» ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ካቃተኝ እጠይቅሻለሁ። የበሩ ጆሮ የጥላ ሰው መልእክት ያደርሳል፤ በገበያ ቀን እየወጣሽ አዳምጪ። በምጠይቅሽ ነገር ሁሉ አንቺ ምን እንደምትዪ ንገሪኝ። አንቺ ከሌለሽ የኔ ግማሽ ቀን ባዶ ነው።»

«አባትሽን እኔ አያቸዋለሁ» አለች ትርንጎ።

«ሳትነግሪኝ አውቄዋለሁ» አለች ሰዓዳ። «ያንንም አይቻለሁ።»

ሰዓዳ የሄደችው በትርንጎ ቀን ነበር። ስለዚህ ገደሉን ስትወጣ ፈጥና ወጣች፤ ዞር አላለችም።

ጥላ ውስጥ ያለ ኑሮ በከተማው እንደሚወራው አልነበረም። ሰው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ማለዳ ማንም በስምሽ ጠርቶ ሰላም ባይልሽም ጎረቤት አለ። ትርንጎ ጠዋት የእንድሪስን እሳት ታነዳለች፣ ቁርስ ታበላለች፣ የጠዋት ፀሐይ ላይ ታስቀምጣቸዋለች። ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር ይጠሯታል፤ ያወቀችውን ግማሽ ይዛ ትሄዳለች። አንዳንዴ ግማሹ ይበቃል። አንዳንዴ አይበቃም።

በገበያ ቀን ደግሞ ገደሉን ትወጣና ከደፉ ውጭ ካለው ከበሩ ጆሮ ፊት ትቆማለች። «ለእንባጮ ሜዳ መልእክት አለ?» ትላለች። አንዳንድ ጊዜ ለሌላ ሰው ይኖራል፤ ይዛለት ትወርዳለች። ከሰዓዳ ግን ጥያቄ አልመጣም። መጀመሪያ ትርንጎ ደስ አላት፤ አላቃታትም ማለት ነው ብላ። ቆይቶ ደስታው ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ምናልባት ሰዓዳ በውስጧ ይዛት የሄደችውን ትርንጎን እየጠየቀች ይሆናል። ያቺ ቅርብ ናት፤ ገደል መውጣት አያስፈልጋትም።

ሁለተኛው ክረምት ላይ ትርንጎ እንጨት ተሸክማ ወንዙን ስትሻገር አዳለጣትና ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ወለቀ። ወጌሻ አሽቶ መለሰላት፤ ለብዙ ጊዜ ግን ከቤት አልወጣችም። በድጋፍ መቆም ስትጀምር መጀመሪያ የሄደችው ወደ እንድሪስ ደጅ ነበር። ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው እግሯን ሰሙና አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ማነሽ?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«እኔ ማን?»

«ትርንጎ ነኝ።»

«አረማመድሽ ሌላ ሆኗል፣ ልጄ» አሉ። «እግርሽ ብቻም አይደለም። ከመነሣትሽ በፊት ትቆሚ ነበር፤ አሁን አትቆሚም። ኤጭ ማለቱንም ትተሽዋል፤ ከተውሽው ቆይቷል። አልነገርሁሽም እንጂ።» ከዚያ እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ። «ደግ ነው። ደግ አረማመድ ነው።»

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ትርንጎ ምርኩዝ ይዛ ገደሉን ወጣች። እስከ ቀትር ፈጀባት። መንገድ ላይ የምትለውን ስታሰላስል ነበር። መልእክቱ ለሰዓዳ የማይጠቅም መሆኑን ታውቃለች። ሰዓዳ መልእክቱን ሰምታ ብትፈጽም በዚያ በሩቅ አገር ያለ አንድ ሌላ በር በትሕትና «ራስሽን አትመስዪም» ይላታል፤ ነገር ሁሉ ይፈርሳል። በሩ የሚፈልገው የድሮዋን ትርንጎ ነው፤ እሷን ደግሞ ከሰዓዳ በቀር የያዛት የለም። ይህን ሁሉ እያወቀች ወጣች።

«መልእክት ለማን?» አለ የበሩ ጆሮ።

«ለሰዓዳ እንድሪስ።»

«ከማን?»

«ከትርንጎ።»

«ትርንጎ የሚባል ሰው አላውቅም። ከማን ልበል?»

«ከእንባጮ ሜዳ በላት።»

«ተናገሪ።»

ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ ነበር፤ አንድ ዶሮ የታቀፈ ሰው «ቶሎ በይ፣ እህቴ» አላት። ትርንጎ ግን አልቸኮለችም።

«ሰዓዳ፣ አባትሽ ደህና ናቸው። ጥርሳቸው ትንሽ አስቸግሯቸው ነበር፤ ተሽሏቸዋል። እናቴም ሰላም ብላሻለች። እኔ ወድቄ እግሬ ወልቆ ነበር፤ አሁን ቆሜአለሁ። ልነግርሽ የፈለግሁት ሌላ ነው። አሁን የምሄደው እንዲህ ነው። ቀኝ እግሬን ቀስ ብዬ አሳርፋለሁ፤ ተረከዙ መጀመሪያ፣ ከዚያ ውጩ። ትከሻዬ ተመልሷል፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። ሽቅብ ስወጣ ሦስቴ አራቴ አርፋለሁ፤ ስቀመጥም ከመንገዱ ዳር ያለውን አያለሁ። ኤጭ ማለት ትቻለሁ። ትምህርቱን እንደ ድሮው አልመኘውም ብልሽ ውሸት ነው፤ ግን ስመኘው ጥርሴን አልነክስም። ምን እንደምታደርጊበት አላውቅም፤ እንዲህ ልትሄጂ እንደማትችዪ አውቃለሁ። ቢሆንም እወቂው ብዬ ነው። በኔ ቀን ስትሄጂ ብዙ አትፍጠኚ። ያቺ ትርንጎ እዚህ የለችም።»

የበሩ ጆሮ መልእክቱ መላኩን ነገራት። ዶሮ የታቀፈው ሰው ወደ ፊት ቀረበ፤ ትርንጎ ምርኩዟን አስተካክላ መንገድ ለቀቀችለት።

መልስ አልመጣም።